ጅማቱ ከተሰፋ 12 ቀን የሆነው ወንድሜ ሕመሙ ጠፋ ብሎ ጀሶውን ያወልቃል፤ ምን ላድርግ?

እህቱ፦

ጤና ይስጥልኝ። ምክር የምጠይቀው ስለ ታናሽ ወንድሜ እጅ ነው። ወንድሜ 24 ዓመቱ ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የአልሙኒየምና የመስታወት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ከሦስት ሳምንት በፊት መስኮት ሲገጥም መስታወቱ እጁ ላይ ተሰብሮ የቀኝ እጁን ሌባ ጣትና የመሃል ጣት በመዳፍ በኩል፣ ከጣቶቹ ሥር ጥቂት ከፍ ብሎ ቆረጠው።

የዚያኑ ዕለት በአቅራቢያችን ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ቁስሉ ታጥቦ፣ የቲታነስ መርፌ ተወግቶና ቆዳው ተሰፍቶለት ወደ ቤት ተመለሰ። ደሙ ስለቆመ ሁላችንም ተመስገን ብለን ነበር። በአራተኛው ቀን ፋሻው ሲቀየር ግን ሌሎቹ ጣቶቹ ሲታጠፉ ሁለቱ ቀጥ ብለው እንደሚቀሩ አየሁ። ስንጠይቅ ስፌቱ ወጥሮት ነው፣ ቀስ እያለ ይለቀዋል ተባልን። አልተዋጠልኝም፤ ሪፈር አጽፌ ሆስፒታል ወሰድኩት። እዚያ ያየው ሐኪም እጁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን አንድ በአንድ እንዲያጥፍ ካዘዘው በኋላ ጅማቶቹ መቆረጣቸውን ነገረን። ጉዳቱ በደረሰ በ9ኛው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በመውጫ ወረቀቱ ላይ የሁለቱም ጣቶች ጅማቶች እንደተሰፉ፣ በመሃል ጣቱ አንድ ጎን ያለው ነርቭም ተቆርጦ ስለነበር አብሮ እንደተጠገነ ተጽፏል።

ዛሬ ከቀዶ ሕክምናው 12ኛ ቀኑ ነው። ከክንዱ አጋማሽ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ድረስ በእጁ ጀርባ በኩል ጀሶ ተደርጎለታል። ሕመሙ ጠፍቷል፤ የእኔ ጭንቀት የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው። ድኛለሁ ብሎ ሌሊት ሌሊት ፋሻውን ፈትቶ ጀሶውን ያወልቃል፤ ትናንት ማለዳ በዚያው እጁ የሻይ ብርጭቆ ይዞ አገኘሁት። እናታችን በበኩሏ ጣቶቹ ተቆልምመው ሊቀሩ ነው የሚል ፍርሃት ስላደረባት የሰፈራችን ወጌሻ በቅቤ እንዲያሹት እንውሰደው ትላለች። የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ የተሰጠን ደግሞ ገና ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ጣቶቹን ያንቀሳቅስ ወይስ ዝም ብሎ ያስቀምጣቸው? የመሃል ጣቱ ጫፍ እስካሁን መደንዘዙስ የተለመደ ነው? ወደ ሥራው የሚመለሰው መቼ እንደሆነ የሚነግረንም አላገኘንም።


ፊዚዮቴራፒስቱ፦

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ወንድምዎ ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ጀሶውን አያውልቅ። ምክንያቱን ካላወቀ ግን ክልከላውን እንደ ቁጣ ብቻ ስለሚቆጥረው፣ የሚከተለውን እንዲያነብ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።

ጣቶቻችንን በኃይል የሚያጥፉት ጡንቻዎች የሚገኙት ክንዳችን ላይ ነው። ከእነዚህ ጡንቻዎች የሚነሱት ጅማቶች የእጅ አንጓን አልፈው በመዳፍ በኩል ወደ ጣት ይገባሉ። ከአውራ ጣት በቀር ለእያንዳንዱ ጣት ሁለት ሁለት ጅማት አለው፤ አንዱ የጣቱን መሃከለኛ መገጣጠሚያ፣ ሌላው የጣቱን ጫፍ ያጥፋል። ጣት ውስጥ ከገቡ በኋላ የብስክሌት የፍሬን ሽቦ በሽፋኑ ውስጥ እንደሚመላለስ ሁሉ እነሱም በጠባብ ሽፋን ውስጥ ይመላለሳሉ። ወንድምዎ የተቆረጠው እንደ ገለጻዎ ሁለቱ ጅማቶች በአንድ ሽፋን ተጣበው በሚያልፉበት ስፍራ ነው፤ በጅማት ጉዳት ከሁሉ አስቸጋሪ የሚባለውም ይኸው ስፍራ ነው።

ብዙ ሰው የተሰፋ ጅማት በየቀኑ እየጠነከረ የሚሄድ ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን የተሰፋው የጅማት ጫፍ ይለሰልሳል እንጂ አይጠነክርም፤ በእነዚህ ቀናት ሁለቱን ጫፎች አያይዞ የሚቆየው የሐኪሙ ክር ብቻ ነው። የቆዳው ሕመም የሚጠፋውና የታካሚው ልብ የሚደፍረውም በዚሁ ወቅት በመሆኑ፣ አደጋውና ድፍረቱ አንድ ላይ ይገጥማሉ። በተለይ ሌሊት ሰው ሳያውቀው እጁን ይጨብጣል፤ ከእንቅልፉ ሲባንንም ተደግፎ ይነሣል። ጀሶው የተደረገው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ነው። የሻይ ብርጭቆው ቀላል መሆኑም አያጽናናችሁ፤ ብርጭቆ ለመያዝ ጣት የሚጠቀመው ኃይል ባዶ ጣት ለማጠፍ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። በተጎዱት ጣቶች አልያዝኩም ቢልም አይበቃም፤ ጣቶችን የሚያጥፉት ጡንቻዎች በከፊል የተያያዙ ስለሆኑ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት አጥብቆ መጨበጥ የመሃል ጣቱንም ጅማት ይስበዋል።

ያም ሆኖ የእናትዎ ፍርሃት መሠረት አለው። ጅማት ሳይንቀሳቀስ ከሰነበተ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል፤ ሲጣበቅ ስፌቱ ሳይበጠስም ጣቱ አይታጠፍም። ስለዚህ ከጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ እንቅስቃሴ የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው፤ የሚደረገውም ጀሶው ወይም እንደ ጀሶ እጁን ደግፎ የሚይዘው የፕላስቲክ ስፕሊንት ሳይወልቅ፣ ባለሙያ ባሳየው መጠን ብቻ ነው። አንዱ መንገድ በጤነኛው እጅ የታመመውን ጣት ቀስ አድርጎ ወደ መዳፍ ማጠፍና ጣቱ ራሱ የስፕሊንቱን ጀርባ እስኪነካ እንዲዘረጋ ማድረግ ነው። ሌላው ታካሚው ራሱ በጥቂቱ እንዲያጥፍ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ይህ የሚፈቀደው ሐኪሙ ጅማቱን በበቂ የክር ብዛት አጠንክሮ ከሰፋው ነው። ለወንድምዎ የትኛው እንደሚሆን መወሰን የሚችለው የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር የሚያውቅ ሰው ብቻ ስለሆነ እኔ ከዚህ ሆኜ አልነግርዎትም።

ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ መሆኑ ግን አሳስቦኛል። ነገ የመውጫ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ሂዱና "ጅማቱ የተሰፋ ታካሚ ነው፤ እንቅስቃሴ አልጀመረም፤ ጀሶውንም ያወልቅ ነበር" ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ማውለቁን አትደብቁ። እስከዚያ እጁን ከልቡ ከፍ አድርጎ ይያዝ፣ ሲተኛ ትራስ ላይ ያሳርፈው፤ ትከሻውንና ክርኑን በቀን ደጋግሞ ያንቀሳቅስ። ቀኑን ሙሉ ክንድን ከአንገት በታሰረ ጨርቅ ወገብ ላይ አንጠልጥሎ መዋል እብጠቱን ከማብዛቱም በላይ ትከሻን ያደርቃል፤ በእጅ ጉዳት መጥተው በትከሻ ሕመም የከረሙ ታካሚዎች አይቻለሁ።


ልብስ ሰፊው፦

ልጄ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የ56 ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ። ወንድምሽ ያደረገውን እኔም አድርጌ ዋጋውን ስለከፈልኩበት ነው የምጽፈው።

ከሰባት ዓመት በፊት የተሰበረ ጠርሙስ የግራ እጄን ትንሿን ጣት ቆረጠኝ። ጅማቱ በማግስቱ ተሰፋልኝ፣ ፊዚዮቴራፒም በጊዜው ጀመርኩ፤ በአራተኛው ሳምንት ጣቴ ስትታጠፍ ሳያት የዳንኩ መሰለኝ። በአምስተኛው ሳምንት ውሃ መጣ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲሯሯጥ ስፕሊንቴን አውልቄ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በዚያው እጄ ብድግ አደረግኩ። እጄ ውስጥ አንዳች ነገር ቷ ሲል ተሰማኝ። ብዙም አላመመኝም። ማታ ላይ ግን ጣቴ ቀጥ ብላ ቀረች።

ያን ዕለት ወደ ሆስፒታል ብሄድ ኖሮ ምናልባት እንደገና ይሰፉልኝ ነበር። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብዬ አፍሬ አንድ ወር ሙሉ ደበቅኩት። በኋላ የተነገረኝን በእኔ ሙያ ልግለጽልሽ። የሱሪ ወገብ ውስጥ የገባ ገመድ ሲበጠስ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ወዲያው ከደረስሽበት ጎትተሽ ታወጪዋለሽ፣ ከቆየ ግን ወገቡ ሁሉ ተተርትሮ አዲስ ገመድ ይገባል። የእኔም እንደዚያ ሆነ። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የተጣበቀው ተጠርጎ መንገዱን ክፍት አድርጎ የሚያቆይ የሲሊኮን ዘንግ ጣቴ ውስጥ ገባ፤ ከሦስት ወር በኋላ ዘንጉ ወጥቶ ከክንዴ የተወሰደ ጅማት በቦታው ተተካ፤ ከዚያ ደግሞ ስፕሊንቱና ፊዚዮቴራፒው እንደ አዲስ ከሀ ተጀመረ። ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ መቀስ በቅጡ አልጨበጥኩም፤ ደንበኞቼም ሌላ ቤት ለመዱ።

ከዚያም በኋላ ጅማቱ ስለተጣበቀ ሦስተኛ ጊዜ ተከፈተ። ያን ጊዜ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እጄ ብቻ ደንዝዞ ነቅቼ ነበር። ሐኪሙ እየሠራ "አሁን አባቴ፣ ጣትዎን ያጥፉ" ሲለኝ አጠፍኩ፤ አሁንም አለኝ፣ አሁንም አጠፍኩ፤ የማጠፍ አቅሜን በዓይኔ ያየሁት ዕለት ያ ነበር። ዛሬ ጣቴ እስከ ግማሽ ትታጠፋለች። ክር አስገብቼ እሰፋለሁ፣ እጄን ጨብጬ ግን አልጨርስም። ለወንድምሽ ይህን አንብቢለት፤ ጀሪካኑን እንዳትዘዪው።


የደብረ ብርሃኑ፦

የተባለውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ወጌሻን በደፈናው ማግለል ትክክል አይመስለኝም። እኔ ቁርጭምጭሚቴ ወልቆ ሁለት ወር ሳነክስ በሰፈሬ ወጌሻ እጅ ድኛለሁ። አያቶቻችን በዚህ ኖረዋል። ደግሞስ ፊዚዮቴራፒ የሚባለው ማሸት አይደለምን? ልዩነቱ የነጭ ጋዋን ከሆነ እናትየዋ ልትወቀስ አይገባም።


ሬዚደንት ሐኪም፦

ለደብረ ብርሃኑ ወንድማችን፣ እናትየዋን የወቀሰ የለም፤ እኔም አልወቅሳቸውም። ወጌሻ በአካባቢው የሚከበር፣ በቅርብ የሚገኝና ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው በር መሆኑን እኛም እናውቃለን። የእርስዎ ቁርጭምጭሚትና የዚህ ወጣት ጣት ግን አንድ ዓይነት ጉዳት አይደሉም። የእርስዎ ጅማት ባለበት ተወጥሮ ወይም በከፊል ተሰንጥቆ የነበረ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለው ጉዳት በብዙ ሰው ላይ በጊዜና በዕረፍት ይድናል። የእሱ ጅማት ለሁለት ተከፍሎ በክር የተያያዘ ነው። በ12ኛው ቀን ጣቱን ይዞ እየዘረጉ ማሸት ያን ክር መሳብ ማለት ነው። ቅቤውም ቢሆን ገና ባልገጠመ ቁስል ላይ ሲቀባ ለመመርቀዝ መንገድ ይከፍታል፤ በጣት የጅማት ሽፋን ውስጥ የሚገባ መግል ደግሞ ጅማቱን ራሱን ሊያበላሽ ይችላል። ወጌሻ የቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ ማሰሩ የሚያስከትለውን ደግሞ በአገራችን ሆስፒታሎች የሠራ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል፤ ደም ባለመድረሱ የጠቆረ እጅ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረን ሕክምና መቁረጥ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እናታችሁ ማሸት የሚፈልጉ ከሆነ የሚጠቅም ማሸት አለ፤ ጊዜው ግን ገና ነው። የቆዳው ስፌት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ይወጣል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በኋላ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ሲፈቅድ፣ ጣቱ በስፕሊንቱ ውስጥ እንደታጠፈ ጠባሳውን ብቻ በጥቂት ቫዝሊን ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት ጠባሳው እንዳይደድርና ከታች ካለው ጅማት ጋር እንዳይያያዝ ይረዳል። ይህን ሥራ ለእናታችሁ ስጡ፤ ማንም በእሳቸው ትዕግሥት አይሠራውም።

አሁን ወደ መደንዘዙ ልመለስ። በእያንዳንዱ ጣት በግራና በቀኝ ጎን አንድ አንድ የስሜት ነርቭ አለ። የተቆረጠ ነርቭ ተሰፋ ማለት መብራት እንደገና ተቀጠለ ማለት አይደለም። ከተሰፋበት ቦታ ወዲያ ያለው የነርቭ ክፍል ይሞታል፤ አዲሱ ከስፌቱ ተነሥቶ ወደ ጣት ጫፍ ያድጋል። የሚያድገውም ከጥቂት ሳምንታት ዝግጅት በኋላ በቀን ወደ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ከጣት ሥር እስከ ጫፍ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስሜቱ ጫፍ እስኪደርስ ሦስት አራት ወር መቁጠር ያስፈልጋል። በመንገዱ ላይ ጣቱን መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት ይመጣል፤ ይህ ስሜት ከሳምንት ሳምንት ወደ ጣት ጫፍ ከተራመደ ነርቩ እያደገ ነውና አትደንግጡ። ከጎልማሳ ሰው ላይ የተቆረጠ ነርቭ እንደ ቀድሞው ፍጹም ሆኖ መመለሱ ግን ብርቅ ነው፤ በብርድ ጊዜ ጣቱ መቆርጠሙም ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል የሚያስመጡ ምልክቶችም አሉ፦ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፤ ጀሶው ጠብቆ ሕመሙ በማስታገሻ የማይበርድ ከሆነ፤ ጠፍቶ የነበረ ሕመም እየጠዘጠዘ ከተመለሰ፣ ጣቱ ከቀላ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፤ ትናንት ይታጠፍ የነበረ ጣት ዛሬ አልታጠፍ ካለ። የመጨረሻው ልብስ ሰፊው አባታችን የነገሩን ነው። ስፌቱ በተበጠሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ ታካሚ ብዙ ጊዜ እንደገና ሊሰፋለት ይችላል። ሐኪም የሚቆጣበት ቀን ቢኖርም ቁጣው ያልፋል።

ከጉዳዩ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። ወንድምሽ የተቆረጠበትን የጣት ክፍል ስተርሊንግ በኔል የተባለው የአሜሪካ የእጅ ቀዶ ሐኪም የማንም ያልሆነ መሬት የሚል ስም ሰጥቶት ነበር፤ በዚያ ስፍራ የተቆረጠ ጅማትን ወዲያው መስፋት ውጤቱ መጥፎ ስለነበር ቆዳውን ብቻ ዘግቶ በኋላ ሌላ ጅማት መተካት ይሻላል ይባል ነበር። ሃሮልድ ክላይነርት የአሜሪካዋ የሉዊቪል ከተማ ሐኪም ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ወዲያው ሰፍቶ በጥንቃቄ በማንቀሳቀስ ጥሩ ውጤት እንደሚገኝ ባሳየ ጊዜ ነው ነገሩ የተለወጠው። እንግዲህ ዛሬ የምንሰፋው ከስፌቱ በኋላ የሚደረገው እንቅስቃሴ ስላለ ነው። ልብስ ሰፊው የተደረገላቸው ነቅቶ የመታከም ዘዴም ካናዳዊው ዶናልድ ላሎንድ በሰፊው ያስተዋወቀው ነው፤ ታካሚው ጣቱን እያጠፈ ስለሚያሳይ ስፌቱ ሲሳብ ክፍተት ይፈጥር እንደሆነ ቆዳው ሳይዘጋ ይታያል።

በጤና ጣቢያ ለሚሠሩ ሁሉም የማነሣው ጉዳይ አለኝ። መዳፍና ጣት ላይ የተቆረጠ ሰው ቆዳው ከመሰፋቱ በፊት መሃከለኛው መገጣጠሚያ ተይዞ የጣቱን ጫፍ ብቻ እንዲያጥፍ ይጠየቅ፤ ማደንዘዣው ከመወጋቱ በፊት ደግሞ የጣቱ ሁለቱም ጎኖች በስሱ ይነኩ። ደቂቃም አይፈጅም። የዚህ ወጣት ስምንት ቀን የባከነው ይህች ሳትደረግ በመቅረቷ ነው። እንደ እድል ሆኖ በ9ኛው ቀን ደርሷል፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት ካለፈ የጅማቱ ጫፍ ሸሽቶ፣ ሽፋኑም ጠቦ፣ ቀጥታ መስፋት የማይቻልበት ጊዜ ይበዛል።


የሠራተኛ ማኅበር ሰው፦

ስለ ሕክምናው ባለሙያዎቹ ተናግረዋል፤ ወንድምሽ ቶሎ ለመሥራት የሚቸኩለው ደመወዝ ይቀርብኛል ብሎ ከሆነ ግን ይህን ይወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ግዴታ ነው። ሠራተኛው በጉዳቱ ምክንያት መሥራት ባልቻለባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብቱን አያሳጣውም። ስለዚህ የጤና ጣቢያውን ካርድ፣ የሪፈር ወረቀቱን፣ የመውጫ ወረቀቱንና የሕመም ፈቃዱን ሁሉ በአንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጪ፤ ቅጂም አንሺ። ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱ በሕክምና ማስረጃው ላይ እንዲጻፍም ጠይቁ።


እህቱ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከስድስት ቀን በኋላ የደረስንበትን ለመጻፍ ተመለስኩ።

በማግስቱ ወረቀታችንን ይዘን ሄድን። ማውለቁን ስንናገር ሐኪሙ ተቆጣ፤ ግን ጣቶቹን መርምሮ ስፌቱ እንዳልተበጠሰ አረጋገጠልን፤ የቆዳውም ስፌት ወጣ። ፊዚዮቴራፒው በዚያው ሳምንት ተጀመረ። ጀሶው ወልቆ ቀላል የፕላስቲክ ስፕሊንት ተሠራለት፤ የእጅ አንጓውን ቀና አድርጎ ጣቶቹን ከሥራቸው ጎንበስ ያደርጋል። ከእንቅልፍ ሰዓት በቀር በየሰዓቱ በግራ እጁ እየደገፈ 10 ጊዜ እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ታዟል። የልብስ ሰፊውን ታሪክ ሳነብለት ዝም ብሎ አደመጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊት አያወልቅም። እናቴ ደግሞ ወጌሻውን ትታ ከመኝታ በፊት ፋሻው በትክክል መታሰሩን ራሷ ትመለከታለች።

አሁን ያስጨነቁኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ማታ ማታ እጁ ያብጣል። የመሃል ጣቱ ደግሞ ሲዘረጋ የስፕሊንቱን ጀርባ አይነካም፤ መሃሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ይቀራል። ስፕሊንቱን እስከ መቼ ያደርጋል፣ መስታወት መቁረጡስ መቼ ነው የሚፈቀድለት?


ፊዚዮቴራፒስቱ፦

ጥሩ አድርጋችኋል። ማታ የሚመጣው እብጠት ቀኑን ሙሉ እጁን ወደ ታች ጥሎ ከመዋል የሚመጣ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት ይቀንሳል። እብጠት እንደ ሙጫ ነው፤ በቆየ ቁጥር መገጣጠሚያውን ያደርቃል፤ ስለዚህ ሲቀመጥም ሲሄድም እጁ ከደረቱ በላይ ይሁን። ቀለበት ካለው ይውለቅ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ለእነዚህ ወራት እንዲተው ለምኑት፤ የጣት ትንንሽ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የቁስሉንም የነርቩንም መዳን ያዘገያል።

ጎበጥ ብሎ የሚቀረውን ጣት ለሚቀጥለው ቀጠሮ አታቆዩት፤ በዚህ ሳምንት ለፊዚዮቴራፒስታችሁ አሳዩት። ታካሚዎች ሐሳባቸው ሁሉ ማጠፉ ላይ ስለሚሆን መዘርጋቱን ይረሱታል፤ በኋላ የሚያስቸግረን ግን ብዙ ጊዜ ያልተዘረጋው መሃከለኛ መገጣጠሚያ ነው። በእናንተ ቤት ግን ማንም በኃይል አይዘርጋው። ከጣቱ ሥር ያለው መገጣጠሚያ እንደታጠፈ ተይዞ መሃሉን ብቻ ቀስ አድርጎ ማቅናት ይቻላል፤ አያያዙን ባለሙያው በእጁ ያሳያችሁ።

ስፕሊንቱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ቀንና ሌሊት ይደረጋል። የተሠራበት ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚለሰልስ በሙቅ ውሃ አትጠቡት፤ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥም አትተዉት። ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ቀን ቀን እየወለቀ ቀላል እንቅስቃሴ ይጀመራል፤ በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ማንኪያ መያዝ፣ መጻፍና ልብስ መቆለፍ ይቻላል፤ ከባድ ዕቃ ማንሣትና አጥብቆ መጨበጥ ግን ከ12ኛው ሳምንት በፊት አይፈቀድም። ይህ ሁሉ የሚቆጠረው ከቀዶ ሕክምናው ቀን ነው፤ ብዙ ሰው ከተጎዳበት ቀን እየቆጠረ ይሳሳታል፤ ለወንድምዎ ልዩነቱ 9 ቀን ነው። ጣቱ ከዚያም በኋላ እስከ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ መሻሻሉን ይቀጥላል። ጅማቱ ተጣብቆ ቢቀር እንኳ ማላቀቂያው ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ብዙ ወራት ተሠርቶበት ለውጡ ሲቆም ነው።

ወደ መስታወቱ ሲመለስ ግን የማስበው ስለ ጅማቱ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል ስሜት ያጣ እጅ እንዴት እንደሚጠበቅ በሥጋ ደዌ ታካሚዎች ላይ ለረጅም ዘመን የተሠራበት ስፍራ ነው፤ ለሙያችን ብዙ ትምህርት ከዚያ መጥቷል። ያልደነዘዘ ጣት ሲቃጠል ይሸሻል፤ የደነዘዘ ጣት ግን ከጋለ ድስት ወይም ከካውያ ላይ የሚነሣው ሽታው ሲመጣ ነው። የመሃል ጣቱ ጫፍ ስሜት እስኪመለስ ድረስ ትኩስ ነገር በግራ እጁ ይሞክር፤ በየማታው ጣቱን በብርሃን እያየ ያላወቀው ቁስል መኖር አለመኖሩን ይፈትሽ። ሥራ ሲጀምርም የመስታወት ጠርዝ የማይቆርጠው ጓንት ያድርግ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልኬትና ምልክት የማድረጉን ሥራ ወስዶ ቆረጣውን ለባልደረባው እንዲተው አሠሪውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።